ረቡዕ ላይ የዋለ ሐሙስ

ሶሊ ፍላውቶ ስትነፋ የሰማ ሰው የሆነ በር ዘይት ፈልጓል ብሎ ያስባል። ሐሜት እንዳይመስላችሁ። አንድ ቅዳሜ ቤት ስትለማመድ ከታች ፎቅ ያለው ጎረቤት እውነትም ዘይትና ጨርቅ ይዞ ወጥቷል።

ሮም ውስጥ ሜዲያ በሚሉት መካከለኛ ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ ሁሉ ያችን ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነች የፕላስቲክ ዋሽንት መንፋት አለበት፤ ወደደም ጠላም። የሶሊ ታናሽ እህት ዳኒዬላ ስትነፋ እርግቦች መስኮቱ ላይ ይሰበሰባሉ። ሶሊ ስትነፋ ይበተናሉ። በዚህ ዓይነት ሶሊ ሙዚቃ ከአሥር አራት አመጣች። ሒሳብም አራት፣ ቴክኖሎጂም አምስት። መምህሮቿም እናቷን ጠርተው ቁርጡን ነገሯት፦ ከስድስት በታች ሁለት ከሆነ ዓይናችንን ጨፍነን እናሳልፋታለን፣ ሦስት ከሆነ ግን ቦቻታ ናት፣ ወድቃለች፤ ሦስተኛውን ዓመት፣ ቴርሳን፣ ትደግማለች።

መድገም ለሶሊ እንግዳ አይደለም፤ ሁለተኛውን፣ ሴኮንዳን፣ አንዴ ደግማዋለች። ጉዱ ሌላ ነው። ዘንድሮ ከደገመች ለሚመጣው ዓመት ከዳኒዬላ ጋር በአንድ ክፍል ልትቀመጥ ነው። ዳኒዬላ ማለት እርሳሶቿን በቁመት የምትደረድር፣ ሰው ሲያወራ ስህተቱን በጣቷ የምትቆጥር የአሥራ ሦስት ዓመት ሴትዮ ናት። ወሬውን እንደሰማች ማስመሪያ ይዛ መጣች።

«በግድግዳ በኩል ነው የምትቀመጪው፤ እኔ መስኮቱን ይዣለሁ» አለቻት። «ደግሞ ክፍል ውስጥ እህቴ ብለሽ አትጥሪኝ። እንደማንኛውም ተማሪ ነው የምንተያየው።»

ሶሊ ያን ቀን ምሳ አልበላችም። ለሶሊ ምሳ አለመብላት ማለት ለሌላ ሰው ፀጉር መላጨት ማለት ነው።

የሙዚቃ መምህሯ ፕሮፍ ኦታቪዮ ፀጉሩን በላስቲክ የሚያስር፣ ሲቆጣ ድምፁ የሚቀጥን፣ ልቡ ግን ቅቤ የሆነ ሰው ነው። ለደካሞች አንድ ዕድል አመጣ፦ በትምህርት ማብቂያ ላይ በሚቀርበው ዝግጅት፣ ሳጆ በሚሉት፣ ከዓለም አንድ አካባቢ የፈለቀ ሙዚቃ አስተዋውቆ በቡድን ያቀረበ ሰው አራቱ ወደ ስድስት ሊያድግለት ይችላል። ሶሊ አሰበች። መዝፈን አትችልም። መንፋቱን ጎረቤት ይመስክር። የምትችለው አንድ ነገር ነው፤ መጮህ። ከፕሪማ ጀምሮ መዝገቧ ላይ የተጻፈባት ማስጠንቀቂያ ሁሉ «ትጮኻለች» ነው የሚለው፤ አንዱ ብቻ «በጣም ትጮኻለች» ይላል። ስለዚህ ስልኳን ይዛ ተቀመጠችና ጩኸት ሥራ የሆነበት ሙዚቃ ፈለገች። አገኘችም። ክራንክ።

በማግስቱ ፕሮፍ ኦታቪዮ ጠረጴዛ ፊት ቆማ እንዲህ እያለች አስረዳችው። ክራንክ የራፕ ዘመድ ነው፤ የተወለደው በአሜሪካ ደቡብ፣ ሜምፊስና አትላንታ በሚባሉ ከተሞች ነው። ከበሮው ከማሽን ይወጣል፤ ቤዙ ጆሮ ጋ አይቆምም፣ ሆድ ገብቶ ምሳ ያማስላል። ሌላው ራፕ ብልጥ ነው፣ ብዙ ያወራል። ክራንክ ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር ይይዝና እስኪሰለቻችሁ ይጮኻታል፤ ሲሰለቻችሁ ገና ሞቅ ይለዋል። አንዱ ይጮኻል፣ ሕዝቡ መልሶ ይጮኽበታል። ቁጭ ብሎ የሚሰማው ሰው የለም። ቁጭ ካሉበት ተበላሽቷል ማለት ነው።

ፕሮፉ ደስ አለው። «አሎራ፣ ሕዝቡስ?» አላት። ሶሊም አፏ ከጭንቅላቷ ቀደመና ሃያ ሰው አለኝ አለች። ላም አለኝ በሰማይ እንደሚባለው፣ የነበራት ሃያ ቀርቶ ሦስት ሰው ብቻ ነበር፤ እነሱም የክፍሏ ልጆች ናቸው። ፕሮፍ ኦታቪዮ ብዕሩን አነሳና ወረቀቱ ላይ «ሶሊ፣ ክራንክ፣ ሃያ ጯሂዎች» ብሎ ጻፈ። ከሥሩም አሰመረበት።

ሦስቱ ልጆች በሁለተኛው ቀን ወደ ክፍል ጓደኛቸው ወደ ኢላሪያ የዳንስ ቡድን ኮበለሉ። ኢላሪያ የጭስ ማሽን አላት። ከጭስ ማሽን ጋር ማን ይወዳደራል?

የሶሊ እናት ስሟ ለተንሳኤ ነው፤ ሽማግሌ ታጥባለች፣ ታበላለች፣ ታስተኛለች። ሥራዋ እሱ ነው፤ ጠዋት ሄዳ ማታ ትመለሳለች። ጓደኞቿ ግን አብዛኞቹ ፊሳ ናቸው፤ አሠሪያቸው ቤት ነው የሚያድሩት። የፊሳ ሴት ዕረፍቷ እሑድና ሐሙስ ከሰዓት ነው። እሑድ የቤተ ክርስቲያን ነው። ሐሙስ የራሳቸው ነው፤ ለተንሳኤም ሐሙስ ከሰዓት ዕረፍት ናት። ሐሙስ ሐሙስ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ አካባቢ ካለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ሥር፣ ምድር ቤት ባለች አዳራሽ ይሰበሰባሉ። ማኅበር ይሉታል እንጂ ጠበልም ጠዲቅም የለውም። ጫማቸውን ያወልቃሉ፣ እግራቸውን ወንበር ላይ ይሰቅላሉ፣ ስለ ሲኞራዎቻቸው ያማሉ። ደግሞ በሹክሹክታ። ሃያ ሴት አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስቦ የሚሰማው ድምፅ ቅጠል ላይ ዝናብ እንደሚያካፋ ያለ ነው። ሳምንቱን ሙሉ «ሽማግሌው ተኝተዋል» እየተባሉ ኖረው ድምፃቸው በዚያው ቀርቷል።

ሶሊ እናቷን ቁልፍ ልታቀብል ገብታ ነው ያየቻቸው። ቆጠረች። እናቷን ጨምሮ ሃያ። በጣቷ ደግማ ቆጠረች። ሃያ።

የማኅበሩ እናት እማማ ሰመረት ናቸው። ሮም ከገቡ ሠላሳ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ሃያ ሁለቱን ዓመት ከአንዲት ሲኞራ ጋር አሳልፈዋል። ሲኞራ አሪያና ይባላሉ፤ ዘጠና አራት ዓመታቸው ነው፣ ጆሯቸው አይሰማም፣ እጃቸው ላይ ግን ትንሽ የብር ደወል አለች። ውሃ ሲጠማቸው ይደውላሉ፣ ትራሱ ሲሸሽ ይደውላሉ፣ ያለምንም ነገር ደግሞ ይደውላሉ። ደወሏን ራሳቸው አይሰሟትም። እማማ ሰመረት ግን በእንቅልፋቸውም ይሰሟታል። አንዴ አውቶቡስ ውስጥ የብስክሌት ደወል ሰምተው «መጣሁ ሲኞራ» ብለው ተነስተው ወንበራቸውን ሰው ወስዶባቸዋል።

ሶሊ ችግሯን አስረዳቻቸው። ስለ አራቱ፣ ስለ አምስቱ፣ ስለ ዳኒዬላና ስለ መስኮቱ። ለተንሳኤ መሬት ብትከፈት ትገባ ነበር። ልጄ ሰው ፊት ውጤቷን ትዘረግፋለች፣ ያውም አራት፣ ያውም ሁለት ጊዜ፣ እያለች ፊቷን በእጇ ሸፈነች። እማማ ሰመረት ግን ሶሊን ትክ ብለው አይተው ምን እንደሚፈለግባቸው በሹክሹክታ ጠየቁ።

«መጮህ ብቻ ነው እማማ።»

«ማን ላይ?»

«ማንም ላይ። ዝም ብሎ መጮህ።»

«ያለ ምክንያት?» አሉና አሰቡበት። «እስቲ እንሞክረው።»

ሶሊ ስልኳን ከአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኘችና ቤዙን ለቀቀችው። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፣ ግድግዳው ላይ ያሉት ቅዱሳን ትንሽ ዘመም አሉ። ሶሊ እጇን አነሳችና ከሆዷ ጮኸች፦ «አላችሁ ወይ?»

ሃያው ሴቶች ባንድ ጊዜ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳቡ።

ሶሊ ደነገጠች። ከኋላዋ የሆነ ነገር የመጣ መስሏት ዞር አለች። ምንም የለም። እንደገና ጮኸች። እንደገና ሃያ ትንፋሽ ሽው ብሎ ወደ ውስጥ ገባ፤ የተወጋ ጎማ ወደ ኋላ ቢሄድ እንደሚያሰማው ያለ ድምፅ። ያኔ ነው የገባት። «አዎ» ማለታቸው ነው። ሰው ሲጠራን፣ ሲያወራን፣ ልክ ነህ ልንለው ስንፈልግ አፋችንን ከፈት አድርገን ትንፋሽ ሳብ እናደርግ የለ? እሱን ነው። ሶሊ ዕድሜዋን ሙሉ ከእናቷ ስትሰማው ኖራ አንድም ቀን ልብ ብላው አታውቅም። ለካ ባለፈው ለተንሳኤ ቁርጡ ሲነገራት የሶሊ መምህር ያለችውን ሁሉ በዚያች ትንፋሽ «አዎ፣ አዎ» እያለች ስትቀበል፣ መምህሯ ተነስታ ውሃ ያመጣችላት ለዚህ ነው። ነፍሷ ልትወጣ ነው ብላ ነበር።

ሶሊ ማስተማር ጀመረች። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳይሆን ወደ ውጭ ነው አለች። ከሆድ ነው አለች። ተናደዱ አለች። ሴቶቹ በትሕትና ትንፋሻቸውን ሳቡ። አንዷ እጇን አውጥታ፣ ጯሂዋ ልጅ ሆና እኛ ትልልቆቹ መልሰን ብንጮህባት ነውር አይሆንም ወይ ብላ ጠየቀች። ሌላዋ ደግሞ «እባክሽ» የሚል ቃል ቢጨመርበት ቀለል ይላል የሚል ሐሳብ አቀረበች። እንዲህ ሲሉ አንድ ሐሙስ አለቀ፤ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ።

በሁለተኛው ሐሙስ ልምምዱ መሃል የእማማ ሰመረት ስልክ ጠራ። የሲኞራ አሪያና ልጅ ናት። እናቴ እየደወሉ ነው፣ ምን እንደሚፈልጉ አላወቅኩም፣ ትንሽ ብቅ ብትይ ትላለች። በየሐሙሱ ነው እንዲህ የምትለው። እማማ ሰመረት ጫማቸውን በእግራቸው መፈለግ ጀመሩ። አንዱን አገኙ። ሁለተኛው ወንበር ሥር ገብቷል። ጎንበስ አሉ፣ ወገባቸው እምቢ አለ፣ ቀና አሉ። ከዚያ ስልኩን ጠጋ አድርገው፣ እንደ ልማዳቸው ቀስ ብለው፣ «ዛሬ ሐሙስ ነው» አሉና ዘጉት።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ብለው አያውቁም።

ሶሊ ዘላ ተነሳች። «እሱ ነው!» አለች። «እሱን ነው የምንጮኸው።»

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው። ዘፈኑ በሩብ ሰዓት ተሠራ። ሶሊ «ደወሉ ጮኸ!» ትላለች፣ ሃያው «ዛሬ ሐሙስ ነው!» ይላሉ። ሶሊ «ማን ይነሳ?» ትላለች፣ ሃያው «እኔ አልነሳም!» ይላሉ። አለቀ፤ ግጥሙ ይኸው ነው። መጀመሪያ እንደ ሹክሹክታ ወጣ፣ ቀጥሎ እንደ ጸሎት፣ ቀጥሎ እንደ ገበያ። መጨረሻ ላይ ለተንሳኤ፣ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን አልሰጥም እያሉ የሚያስቸግሯትን ሲኞር አስባ ነው መሰለኝ፣ ሶሊ እናቷን እስከማታውቃት ድረስ ጮኸች። የመንገድ ሰው በመስኮት ጎንበስ ብሎ አየ። እማማ ሰመረት ሻሻቸውን እያስተካከሉ፣ ጉሮሮዬ በር ከፈተ አሉ።

ሶሊ ያን ቀን ሜትሮ ውስጥ ለማያውቃት ሰው ሁሉ ፈገግ አለች። ዳኒዬላን ግን ቤት ስትደርስ «መስኮትሽን ላንቺ ያድርግልሽ» አለቻት። ገና ነበር። ሳጆው ሲደርስ መናገር ነበረባት።

ሳጆው ሐሙስ ነው የተባለው። ሶሊ ሴቶቹን ስታገኝ የደስታዋ ግማሹ ይሄ ነበር፤ ዕረፍታቸው ነው፣ ሁሉም ይመጣል። ነገር ግን የሶሊን ቦርሳ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሰኞ ጠዋት እርሳስ ልትፈልግ እጇን ስትከት፣ ከተጨፈለቀ ፓኒኖ ሥር አንድ ወረቀት ወጣ። ዘይት ጠጥቷል። ከትምህርት ቤቱ ነው፣ ከወጣ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ፓሌስትራው፣ የስፖርት አዳራሹ፣ ሐሙስ ጁዶ ስለሚሠሩበት ሳጆው ወደ ረቡዕ ተዛውሯል ይላል።

ረቡዕ። በሮም ከተማ ረቡዕ ዕለት ዕረፍት ያላት ሽማግሌ ጠባቂ አንድም አልተፈጠረችም።

ሶሊ ለእናቷ ስትነግር የምታየው ወለሉን ነበር። ለተንሳኤ አልጮኸችባትም፤ ያ ነው የሚከፋው። ወረቀቱን አንስታ የዘይቱን ምልክት በጣቷ ነካ ነካ አደረገችና፣ የእኔ ልጅ አንብባ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ምን እንል ነበር አለች። ዳኒዬላ ከወዲያ ማስመሪያዋን ጠረጴዛ ላይ አስተካከለችው።

እማማ ሰመረት ዘንድ የደወለችው ለተንሳኤ ናት። ሶሊ ስልኩ ላይ ጆሮዋን ለጥፋ ሰማች። መጀመሪያ ትንፋሽ ሳቡ። ከዚያ የሚከተለውን በሹክሹክታ ተናገሩ።

«እነሱን ጥለን መውጣት አንችልም እንጂ፣ ይዘን መውጣት ማን ከለከለን? ሐኪሙ ፓሴጃታ፣ ወጣ ብሎ መንሸራሸር፣ ያስፈልጋቸዋል ብሎ የለ? አየር ይቀበላሉ። ፓሌስትራ ውስጥ አየር የለም?»

ረቡዕ ከሰዓት ወላጆች ፓሌስትራው ውስጥ ተቀምጠው በፕሮግራም ወረቀት እያራገቡ ሳለ በሩ ተከፈተ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚገፉ ገቡ። በከዘራ የሚሄዱ ገቡ። አንድ ሽማግሌ ፒጃማ ለብሰው ኮፍያ አድርገው ገቡ። ሃያ ሴት፣ አሥራ ሦስት ሽማግሌና አሮጊት፤ አንዳንዱን ሁለት ሆነው ነው የሚጠብቁት። እማማ ሰመረት ሲኞራ አሪያናን እየገፉ ከፊት ነበሩ። ሲኞራ አሪያና ከንፈራቸውን ቀብተዋል፤ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ ይዘዋል። የሚሄዱበትን አያውቁም፣ መውጣታቸውን ግን ወደውታል። ፕሮፍ ኦታቪዮ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ወጣቶችና አረጋውያን በአንድ መድረክ፣ እያለ ለዳይሬክተሯ ማስረዳት ጀመረ፤ ሐሳቡ የእሱ ይመስል። ፊተኛው ረድፍ ለሽማግሌዎቹ ተለቀቀ።

ኢላሪያ ቀደመች። ማሽኗ ጭሱን ሲለቀው አንዱ ሽማግሌ ጉም ወርዷል ካፖርቴን አምጡልኝ አሉ፣ አንዲት አሮጊት ደግሞ ቤት እየተቃጠለ ነው ብለው በእርጋታ አማተቡ። የዳንሱን ግማሽ ያየ ሰው የለም። ከጭሱ ውስጥ አልፎ አልፎ እጅ ይወጣ ነበር።

«ሶሊ፣ ክራንክ፣ ሃያ ጯሂዎች» ብሎ ፕሮፉ ጠራ።

ሶሊ ወጣች። ሴቶቹ ከኋላዋ በሁለት ረድፍ ቆሙ፤ አንድ ማይክ መሃላቸው ተተከለ። ስለ ሜምፊስ ተናገረች፣ ስለ አትላንታ ተናገረች፣ ስለ ማሽኑ ከበሮ ተናገረች፣ የግጥሙንም ትርጉም በጣልያንኛ ነገረች። ይህ ሙዚቃ ቁጭ ተብሎ አይሰማም ስትል የፊተኛው ረድፍ ግማሹ በተሽከርካሪ ወንበር መቀመጡን አየችና፣ የቻለ ማለቴ ነው አለች። ከዚያ ቤዙን ለቀቀች። ጣሪያው ላይ የተሰቀለው የቅርጫት ኳስ መረብ ተወዛወዘ።

«ደወሉ ጮኸ!»

ሴቶቹ አፋቸውን ከፈቱ። ከፊታቸው፣ በአሥር እርምጃ ርቀት፣ ሲኞራዎቹና ሲኞሮቹ ተደርድረው ያዩዋቸዋል። ጥርሳቸውን የማይሰጡት ሲኞር ራሳቸው አሉ። በእነዚህ ሰዎች ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያውቅ ከሃያው አንድም የለም። ሃያው ትንፋሽ ወደ ውስጥ ገባ።

ማይኩ ያንን ትንፋሽ ያዘውና በአራት ድምፅ ማጉያ መልሶ ተፋው። ትልቅ አውሬ የሚነቃ መሰለ። ከኋላ የተቀመጡ ልጆች ማስቲካቸውን ማኘክ አቆሙ። ሶሊ አላቆመችም፤ «ማን ይነሳ?» አለች። አውሬው እንደገና ተነፈሰ፣ ቤዙ ከላዩ ላይ ወደቀበት። ከኋላ አንድ ልጅ ይሄ ያስፈራል ወንድሜ አለ፣ ደስ ብሎት ነው። ግን ክራንክ አልነበረም። ሶሊ ፕሮፍ ኦታቪዮን አየችው፤ ወረቀቱን ያያል፣ «ጯሂዎች» የሚለውን ያያል፣ ሴቶቹን ያያል፣ ብዕሩን ያሽከረክራል። ዳኒዬላን አየቻት፤ በሁለት ጣቷ የወንበርና የግድግዳ ቅርጽ እየሠራች ታሳያታለች። እናቷን አየቻት፤ ለተንሳኤ አፏ ተከፍቶ እንባ በዓይኗ ሞልቷል፣ ድምፁ ግን አልመጣም። ሦስተኛ ጮኸች። ሦስተኛ ተነፈሱ። ሰው መሳቅ ጀመረ።

እዚህ ላይ ነው ሲኞራ አሪያና የበረዳቸው።

የተረፈው ጭስ ነው መሰለኝ፣ ትከሻቸውን ሰበቁ። ሻላቸውን ፈለጉ፣ አጡት። ከዚያ ቦርሳቸውን ከፈቱ፣ እጃቸውን ከተቱ፣ ያችን የብር ደወል አወጡና ነቀነቋት።

ትን፣ ትን፣ ትን።

የእማማ ሰመረት ቀኝ እግር ብቻውን አንድ እርምጃ ሄደ። ሃያ ሁለት ዓመት የተማረ እግር ነው፣ ማንንም አያስፈቅድም። ሶሊ አየችው። እማማ ሰመረት ወደ እግራቸው አዩ። ወደ ሲኞራቸው አዩ። ወደ ሶሊ አዩ። ከዚያ እግራቸውን እንደ ባለጌ ልጅ ጎትተው ወደ ቦታው መለሱትና፣ በሹክሹክታ፣ «ዛሬ ሐሙስ ነው» አሉ።

ማንም አልሰማቸውም። ሲኞራ አሪያናም በድጋሚ ነቀነቁ። ትን፣ ትን፣ ትን።

«ዛሬ ሐሙስ ነው!»

ከአንዲት ትንሽ ሴት ያ ድምፅ እንዴት እንደወጣ እስካሁን የሚያስረዳ አልተገኘም። ሽማግሌው ኮፍያቸው ተንሸራተተ። በአሥራ ዘጠኙ ሴቶች ደረት ውስጥ በር የተሰበረ ያህል ሁሉም ተከተሉ፣ ለተንሳኤ ከሁሉ በላይ። «ዛሬ ሐሙስ ነው! እኔ አልነሳም!» ፓሌስትራው እንዳለ ተነሳ።

ሲኞራ አሪያና እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ከአሥር ዓመት ወዲህ መጀመሪያ የሰሙት ነገር ይሄ ነው። ወደ ጎናቸው ዞረው ባለ ኮፍያውን ሽማግሌ ምን አለች ብለው ጠየቁ። ሐሙስ ነው እያለች ነው ብለው ጆሯቸው ሥር ጮኹላቸው። ሲኞራ አሪያና ነገሩን መዘኑ። ከዚያ ደወሏን አዩ። ሰው ለምን ሐሙስ እንደሚል ባይገባቸውም ይህች ደወል ምን እንደምትሠራ ግን ገባቸው። ነቀነቋት። ሃያ ሴት ጮኸች። ደግመው ነቀነቋት። ሃያ ሴት ጮኸች። ጥርሳቸው በሙሉ እስኪታይ ሳቁ፤ የራሳቸው ጥርስ ነው። አሁን ሶሊ መጥራት አላስፈለጋትም፤ ዋናዋ ጯሂ ሲኞራ አሪያና ሆኑ። ቤዙ ላይ ልክ ሲወድቅ ይደውላሉ፣ እንዴት እንዳወቁት እግዜር ይወቀው፤ ምናልባት ወንበራቸው ሲንቀጠቀጥ። ፊተኛው ረድፍም ተቀበለ። ሽማግሌዎቹ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ እየመቱ በጣልያንኛ «ጆቬዲ! ጆቬዲ!» ይላሉ። ጥርሳቸውን የማይሰጡት ሲኞር እየጮኹ ሳለ ጥርሳቸው ወጥቶ ሄደ፤ ለተንሳኤ ከመድረክ ሳትወርድ በእጇ ቀለበችው። ጭብጨባው ለእሱ ይሁን ለዘፈኑ አልታወቀም።

ሲያልቅ ፕሮፍ ኦታቪዮ ፀጉሩ ተፈትቶ ላቡን እየጠረገ መጣ። ላስቲኩ የት እንደሄደ አያውቅም።

«ሰባት ልሰጥሽ ነበር» አላት።

«ነበር?»

«ዛሬ ረቡዕ ነው ሶሊ። ሦስት መቶ ሰው ፊት ቀን ተሳስታችኋል። ስድስት።»

ሶሊ ስድስቷን ተቀበለች። ከአሥር ስድስት ያን ያህል እንደሚያምር ዕድሜዋን ሙሉ አላወቀችም ነበር። ለተንሳኤ ጥርሱን በመሐረብ ጠቅልላ እንደያዘች አቀፈቻትና፣ በጆሮዋ፣ ድምፅ በሌለው ጉሮሮ፣ የወረቀቱን ነገር ቤት እንነጋገራለን አለቻት። ዳኒዬላ ጥቂት ቆማ አሰበችና፣ ሦስተኛው ላይ ግማሽ ምት ዘግይተሽ ነበር አለች። ከዚያ ቀጥላ፣ ቀስ ብላ፣ ያን ትንፋሽ ስልክሽ ላይ ቀርጸሽው ከሆነ ላኪልኝ አለቻት።

በማግስቱ ሐሙስ ነበር፤ እውነተኛው። ሴቶቹ ምድር ቤቷ ውስጥ ጫማቸውን አውልቀው ተቀምጠዋል። እንደ ወትሮው በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት፣ ዛሬ ግን ልማድ አይደለም፤ የሁሉም ድምፅ ተዘግቷል። ሶሊ መሃላቸው እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላለች። በሩ ተንኳኳ። የሲኞራ አሪያና ልጅ ናት፣ እናቷን እየገፋች። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቃል ብቻ ነው የሚሉት፣ ሐሙስ፣ ሐሙስ፣ ወደዚያ ውሰዱኝ ነው፣ እዚህ ትንሽ ቢቀመጡ ይቻላል ወይ አለች። ሃያው ሴቶች ትንፋሻቸውን ባንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ሳቡ። የሲኞራዋ ልጅ ፊቷ ቀላ፤ ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ በዕረፍታችሁ መጣሁ እያለች ወንበሩን መልሳ ማዞር ጀመረች። ሶሊ በባዶ እግሯ ሮጣ ደረጃው ላይ ደረሰችባት፣ እሺ ማለታቸው ነው ብላ መለሰቻት።

ሲኞራ አሪያናን በመሃል አስቀመጧቸው። ጫማቸውን ራሳቸው አወለቁ፤ አንዱን ብቻ፣ ሁለተኛው እምቢ አላቸው። ከዚያ ቦርሳቸውን ከፈቱና ደወሏን አወጡ። እማማ ሰመረት እግራቸውን አዩት። እግራቸው ወንበሩ ላይ ተኝቷል።

ትን፣ ትን፣ ትን።

ማንም አልተነሳም። በተሻከረ፣ በተበጣጠሰ፣ እንደ ሶሊ ፍላውቶ በሚያፏጭ ድምፅ «ዛሬ ሐሙስ ነው» ብለው መለሱላቸው፤ ዛሬስ ልክ ነበሩ።